ሳትሞት ያለቀስኩላት ጥሩሐረግ

ለልጄ ለትእዛዙ፤ ሁመራ።

እንደምን ከርመሃል ልጄ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ወባ ጥሎህ እንደነበር ካሳ ከሁመራ ሲመለስ ነግሮን እናትህ እህል አልቀምስ ብላ ነበር፤ አሁንስ ለቀቀህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? አብረውህ ያሉት የአገራችን ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ ከእኔ ጉልበት ቁርጥማት በቀር ደኅና ነን፤ እግዜር አልነሳንም። ማሽላው ገብቷል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ይህን የምትጽፍልህ የወንድምህ የገበያው ሚስት ሠርካለም ናት። እንደተናገርኩት ጻፊው፣ አታሳምሪብኝ ብያታለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ቅጥርና አዲሱን በር ለጥምቀት አድርሶ እንዲያሠራ የተመረጠው አባትህ ነው። ሌላ ማን ነበረና? ግንበኞቹን ራሴ ቀጥሬ ከቤታችን አጠገብ በጣልኩት ዳስ አሳደርኳቸው። በኅዳር ምህረት የምትባል ነርስ ከጤና ጣቢያ መጥታ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራውን ሁሉ ሰበሰበችን። በቅማል የሚዛመት፣ ለቀቀ ሲሉት የሚያገረሽ ትኩሳት ገብቷል፤ ሠራተኛው ትኩሳት የያዘበት አሠሪ በዚያው ቀን ማሳወቅ አለበት፤ ሕግ ነው አለችን። እኔም ተነሥቼ፣ እኔ ዘንድ ሰው ቢያነጥስ እንኳ አይሰወረኝም፣ ይህን ለሌሎቹ ንገሪ አልኳት። እሷም እንግዲህ እናያለን አባባ ብላ ፈገግ አለች።

የገና በዓል ሲቃረብ ይርዳው የሚባለው ግንበኛ ከሥራ ቀረ። የት ሄደ ብል ጓደኛው ፋንታሁን ዓይኑን ድንጋዩ ላይ ተክሎ፣ አክስቱ ሞታበት ለቅሶ ሄዷል አለኝ። ሌሎቹም ነፍስ ይማር አሉ። ምን ልጠርጥር? እሱን ያሳደገችው አክስቱ ጥሩሐረግ ናት፤ በሰባ ሰባቱ ረሃብ አብረን የተሰደድን፣ ያላትን ቆሎ ከእኛ ጋር የተካፈለች ሴት። የእሷን ሞት ሰምቼ ቤቴ ልቀመጥ? በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እናትህ የጋገረችውን አህያ ላይ ጭኜ፣ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ።

ደጇ ስቃረብ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመርኩ። ያ ክፉ ቀን ያልጣለሽ እህቴ፣ ምነው ዛሬ ወደቅሽ እያልኩ አነባሁ። ድንኳን የለ፣ ሰው የለ። እንዲህ ያለች ሴት አልቃሽ አጥታ ተቀበረች ብዬ ባሰብኝ። በዚህ መሃል ሰፌዷን እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለች፤ ራሷ ጥሩሐረግ።

"አያ ገብረ አማኑኤል፣ ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ" አልኳት። ምን ልበል?

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝና፣ "ታዲያ ምነው አቋረጥከው? ደኅና እያሞገስከኝ ነበር" አለች።

ተያይዘን ሳቅን፤ እኔማ ደጇ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። ለቅሶው ውሸት ከሆነ ይርዳው የት ነው? ሰፌዱን ጥላ መንገድ ጀመረች። እኔና አህያዬ ሙሉውን መንገድ ከኋላዋ ነበርን።

ፋንታሁን ስትመጣ ሲያያት መዶሻውን ለቅቆ አማተበ። አንገቱን ይዛ፣ "ገዳዬ አንተ ነህ? በል ልጄን አምጣ" አለችው። እሱም ከዳሱ አጠገብ ካለው ጭድ ክምር ጀርባ ወሰደን። ይርዳው የጓደኞቹን ጋቢ ሁሉ ደራርቦ ይነዳል፤ አክስቱን እንኳ አላወቃትም። ለካ ጤና ጣቢያ ከሰማ ሥራው ይዘጋል፣ እንጀራችን ይቀራል ብለው ዳማከሴ እያጠጡ ደብቀውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፣ በሩ እስኪያልቅ እንኳ ዝም ብትል አለኝ። ታቦቱ ስንት ዘመን በአሮጌው በር ወጥቷል፣ ልጁ ግን አንድ ነፍስ ነው ያለው አልኩት። በቃሬዛ ተሸክመን በዚያው ምሽት ጤና ጣቢያ ደረስን። ለምህረት፣ "አሠሪው እኔ ነኝ፤ ሰው ታሞብኛል፤ ተሰውሮኝ ነበር" አልኳት። ስላልሳቀችብኝ ወደድኳት።

በማግስቱ ምህረት ሳሙናና ምላጭ አስይዛ መጣች። ልብሱ ሁሉ በበርሜል ተቀቀለ፤ ግንበኞቹ ማዳበሪያ ከረጢት አገልድመው ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። ፋንታሁን ለእጮኛው ያሳደገውን ጎፈሬ አልላጭም ብሎ ግንቡ ላይ ወጣ። ጥሩሐረግ ከታች ሆና፣ እኔ ሞቼልሃለሁ፣ አንተ ጠጉር ትነፍገኛለህ? ብትለው አፍሮ ወረደ። እኔም ቀድሜ ተላጨሁ፤ ጭንቅላቴ ቅርጹ ያማረ ነው ብለውኛል። ሌሎች ሁለት ትኩሳት የያዛቸው ተገኙ፣ ሳይጠናባቸው መድኃኒት ወሰዱ። ሥራው የቆመው ልብስ እስኪደርቅና ምህረት እስክትፈቅድ ብቻ ነበር። ከዚያ የአገሩ ሰው ድንጋይ አቀብሎን በሩ ለከተራ ደረሰ። ይርዳው አክስቱን ተደግፎ መጣ፤ ታቦቱ ሲያልፍ የእሷ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማ። በሩ ሥር እነዚያ መላጦች ሲጨፍሩ ብታይ፣ ልጄ፣ ሆድህን ይዘህ ትወድቅ ነበር።

አንተም የሰሊጥ ሠራተኞች ካቦ ሆነሃል አሉ። ከሠራተኞችህ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፣ የእርሻው ባለቤት ዝም በል ቢልህም ዝም አትበል፤ የአባቴ ትእዛዝ ነው በለው።

እናትህ ዓይንህን ትስማለች፣ ውሃውን አፍልተህ ጠጣ ትልሃለች። ገበያው ሰላም ይልሃል፤ ሠርካለምም እየሳቀች ሰላም ብላለች። ይርዳው ተነሥቻለሁ በለው ብሏል። ጥሩሐረግ ደግሞ፣ "ከሞትኩ ወዲህ ደኅና ነኝ" ብላሃለች።

አባትህ ገብረ አማኑኤል
ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.