ለማንም ያልነገርሁት ስም

ሰገን ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሩዙም ታጭዶ ገብቷል።

ትናንት የማላውቀው ሰው ደወለ። «ሰገን ታማለች፤ አካውንቷን ከፍቼ ዘመዶቿን ልጥራላት፣ እርስዎ ስልክ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለኝ። አካውንትሽ ሲከፈት ወደኔ እንዲመጣ ያደረግሽው የመግቢያ ቁጥር እውነትም ገብቷል። ላነብለት አፌን ከፍቼ ጠረጠርሁና፣ «ሰገን ወተቷን እየጠጣች ያደገችባት ላም ማን ትባላለች?» ብዬ ብጠይቀው ዘጋብኝ።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሺም። ውሸቱን ነው ብልም ስለሰጋሁ ይህን አስጻፍሁልሽ።

የሚጽፍልኝ ወረታ ከተማ ስልክ የሚጠግነው ጥሩሰው ነው። የመግቢያ ቁጥሩን ወደኔ ሳይልክ እዚያው አንቺ ስልክ ላይ የሚያወጣ መተግበሪያ አለ ይላል። የታወቀውን ራስሽ ምረጪ፤ ሰው የላከልሽን እንዳትጭኚ።

የላሚቱን ስም ለጥሩሰውም አልነገርሁት። አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ደህና ከሆንሽ ስሟን ብቻ ጻፊልኝ።