አባትሽ ቀጥቃጭ ነው

ይድረስ ለልጄ ለፋሲካ ይሻው። ያለሽበትን አገር ብርድ እግዚአብሔር ያቅልልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ይህን የምጽፍልሽ ግን ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ሙላቴ ለጋዜጠኞች የሰጠሽውን ቃለ መጠይቅ በስልኩ ሊያሳየን መጣ። ስለፈለሰፍሽው የውኃ መሳቢያ ከጠየቁሽ በኋላ «ቤተሰቦችሽስ?» አሉሽ። አንቺም «አባቴ መሪጌታ ነበሩ» ብለሽ መለስሽ። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «እኔን ነው?» አለ። ሙላቴ አፍሮ ስልኩን አጠፋ።

እንዴት ደፈርሽ? አገሩ ማረሻውን በእሱ እያሠራ ከኋላችን ቡዳ ሲለን ኖሯል። አንቺን ያሳደገሽ ግን ያ ብረት ነው። ልጅ ሳለሽ፣ እሳቱን የሚያናፋበት ወናፍ አየሩ ገብቶ ለምን እንደማይመለስ ለማወቅ ቆዳውን በቀደድሽው ጊዜ፣ ሌላ አባት ቢሆን ይገርፍሽ ነበር። እሱ «ምን አገኘሽ?» ብሎ ሳቀና ሥራውን አቁሞ አብሮሽ ሰፋው። መሳቢያሽ ውኃውን ወደ ኋላ የማይመልሰው ያኔ በወናፉ ውስጥ ባየሽው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚከፈት ክዳን ዘዴ ነው።

ሰኞ አባትሽ ወናፉን አልነካም። «ልጅቱ ሰው ፈርታ ነው፤ አትቆጪያት» አለኝ። እኔ ግን በሕይወት ያለ ሰው «ነበሩ» ብለሽ ስትቀብሪ ዝም አልልም።

አባትሽ እጅሽ ይባረክ ብሏል። የእኔን ምርቃት ይዤዋለሁ። በዚያው በተናገርሽበት ቀርበሽ «አባቴ ይሻው ቀጥቃጭ ነው፤ በሕይወትም አለ» በይልኝ። ያን ቀን እኔም እመርቅሻለሁ።

እናትሽ አሰለፈች