ማክሰኞ መቃብሩን ስትጎበኝ

ሳንታ ሪታ ያጌዶ፣ ኦአሃካ
ማርች 17 ቀን 2019

ለታናሽ ወንድሜ ለፊደንሲዮ፣

ጤና ይስጥህ ብዬ እንድጀምር አባባ አዞኛል። ጤና ይስጥህ። የታዘዝኩትን አድርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው።

ማክሰኞ ዕለት እዚህ ነበርክ። አትካድ። የጥንቶቹን መቃብር ዘንድሮ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የመንደሩ ጉባኤ የዓመቱን ነፃ አገልግሎት ባንተ ስም መደበው፤ አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ብቅ ስላላልክ የጥበቃውን ዱላ እኔ ተቀበልኩ። አብሮኝ የሚጠብቀው ናቦር ገና ከሩቅ ሲያይህ፣ «ኤርሜ፣ ያ ባለኮፍያው የናንተው ፊደንሲዮ አይደለም እንዴ? ሆዱ ቀድሞት ገባ እኮ!» አለኝ። ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት፣ ሞኝ ነኝና።

ከሚስትህ ጋር ደረጃውን ወርዳችሁ ገባችሁ። እኔ ለአቧራው ብዬ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ጠምጥሜ ውስጥ ቆሜያለሁ። «እማማ፣ ባትሪውን እስቲ ወደ ግድግዳው ያድርጉልን» አልከኝ። በአራት ዓመት ብቻ የምበልጥህን እማማ! ይሁን፣ ጨለማ ነው አልኩ። ግን ባትሪውን ሳዞር ብርሃኑ ፊቴን ነካው፤ ዓይንህ ዓይኔ ላይ አረፈ። ከዚያ ዓይንህን ሰብረህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ለሚስትህም፣ «እኛ ሳፖቴኮች ድሮ ሙታናችንን ከቤታችን ወለል ስር ነበር የምንቀብረው። ከወላጆቻችን መለየት አይሆንልንም» ብለህ አስረዳሃት። በያዝኩት ዱላ አፍህን ብመታህ ደስ ባለኝ።

ዝም ያልኩት በሚስትህ ፊት ላላሳፍርህ ነው። ከዚህ ሲወጣ ቤት መሄዱ አይቀርም አልኩ፤ እስከ ደጃችን አንድ ሲጋራ አጭሰው የማይጨርሱበት መንገድ ነው። ዱላውን ለናቦር ጥዬ በአቋራጭ ሮጥኩና ለአባባ ነገርኩት። የኔ ጥፋት ይኸው ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ብድግ ብሎ፣ «ነጩን ሸሚዝ አምጪልኝ» አለ። ፂሙን ላጨሁት። ለፋሲካ ያቆየሁትን ቱርኪ አረድኩ፤ ቃሪያና ቸኮሌት ፈጭቼ ሞሌውን ሠራሁ። እሱ ወንበሩን ደጃፍ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ፣ «ልጄ መጥቷል፣ አሁን ይደርሳል» ይላል። አራት ሰዓት ሙሉ! በመጨረሻ ናቦር መጥቶ መኪናህ ከሄደ መቆየቱን በጆሮዬ ነገረኝ።

የሞተውን ሁሉ ፎቶ አንስተህ፣ በሕይወት ያለውን አባትህን ሳታይ ሄድክ። ተናድጃለሁ።

ምን ልበለው? «አባባ፣ ለካ እሱ አይደለም፤ ጨለማው አሳስቶኝ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ይቆጣኛል ስል ፊቱ በራ።

«ተመስገን! እኔማ መጥቶ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። እንግዲያው ገና ይመጣል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወንበሩን ያወጣል። ሸሚዙን ለእጥበት እንኳ አላወልቅም ብሏል። ሐኪሙ ደግሞ አባባ ለዝናቡ ወር መድረሱን እንጃ ብሎኛል።

ስለዚህ ትመጣለህ። ስትመጣም መቃብሩን ማየትህ ከአፍህ እንዳያመልጥ፤ ሚስትህንም አስጠንቅቃት። «ገና ዛሬ መግባቴ ነው» በለው። እኔም አብሬህ እምላለሁ። ይቅር ያልኩህ ግን እንዳይመስልህ።

እመቤታችን መንገድህን ታቅናው። ደጃፍ ላይ ስትደርስ፣ አባባ እያየን፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ገና አሁን እንዳየሁህ ሁሉ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ አለቅሳለሁ። ለቅሶውን ማስመሰል አያስፈልገኝም።

እህትህ ኤርሜሊንዳ