የቤት ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ

መጋቢት 14
በወረርሽኙ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንት። የፋብሪካው ካቦ በጠዋት ቁልፍ የምተክልበት አርባ ሸሚዝ ጥሎልኝ ሄደ። «ነገ ጠዋት እወስዳለሁ። ካላደረስሽ ለሌላ ነው የምሰጠው።» ፋብሪካው ቤቴ ገባ፤ ትምህርት ቤቱም ቤቴ ገባ... ያለኝ አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ። ማን ለሁለት ይሰንጥቀኝ?

መጋቢት 21
ዓይኔ የመርፌውን ቀዳዳ እንቢ አለ። ትንሿ ልጄ፣ ቁንጫዬ፣ ተቀበለችኝ። ጣቷ ሲፈጥን! እሷ ቁልፍ ተከለች፤ እኔ አስተማሪዋ በስልክ የላከችውን የቤት ሥራ ሠራሁ። ለዛሬ ብቻ።

ሚያዝያ 2
«ለዛሬ ብቻ» ያልኩት ይኸው ሳምንት አለፈው። አስተማሪዋ «ጎበዝ!» ብላ ጻፈች። ደስ አለኝ። ፊደል በመጠቅለያ ጋዜጣ የለየሁ ሴት፣ በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ ተባልኩ... ቁንጫ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ አንደኛ ልትወጪ ነው!»

ሚያዝያ 11
ታላቋ ልጄ ደወለች፣ በሠራተኝነት ከተቀጠረችበት ቤት። አባታቸው የሞተ ጊዜ ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኋት። «አንድ ዓመት ብቻ» ብያት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
«ቁንጫ ትማራለች?»
«በደንብ።»
ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ሚያዝያ 18
አስተማሪዋ ልጆቹን በስልክ አንድ በአንድ ታስነብባለች። ቁንጫ አንዱን መስመር ስትጎትት ቆየችና ቆመች።
«የኔ ቆንጆ፣ የዚህን ጥያቄ ትናንት መልሰሽ ልከሽልኛል እኮ?»
ልጄ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።
«ረሳሁት ቲቸር» አለች።
አላጋለጠችኝም። «እስከ ሰኔ ካላነበበች ክፍል ትደግማለች» አለችኝ አስተማሪዋ። «እሺ» ብቻ አልኩ። ለልጆቼ ብዬ ልጆቼን በላሁ?

ሚያዝያ 19
ደውዬ ተናዘዝኩ። «የቤት ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሷ ቁልፍ ስትተክልልኝ ነው የከረመችው።» አስተማሪዋ እንዲህ አለች፣ «ከአሁን በኋላ ጮክ ብላ ታንብብ። አንቺ ስሚያት።»
ግማሹን ሸሚዝ ለካቦው መለስኩ። «የእንጀራ ገመድሽን በገዛ መቀስሽ ቆረጥሽ» አለኝ። የቀረውንም ሊከለክለኝ ነው።

ግንቦት 5
ከትናንት ወዲያ ካቦው አልመጣም። ዛሬም።
ታላቋ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት።
«ለእሷስ ተናገርሽላት» አለች። ዘጋችው።
ቁንጫ ከቆመችበት ቀጠለች። ሦስት መስመር ደረሰች። ስታነብ አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ ክር እንደያዙ ይፋተጋሉ። እጇን በእጄ ያዝኩት... አልቆመም።