በሐርላ ኮረብታ «ቀጥ!» የተባልኩ ቀን

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው የጂፓችን የፊት ጎማ ኖራ በተቀባው በሁለተኛው ድንጋይ አጠገብ ሲያልፍ ነው። ዳኛው ከታች ሆኖ «ቀጥ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ቀጥ ብዬ ወጣሁ።

በሞት ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍኩልህ ደስ የሚል ወሬ እስካገኝ ብዬ ነበር። አሁን መጠበቅ አቃተኝ። ተቀምጬ እየጻፍኩ እንኳ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ ነዳጅ መስጫውን ይፈልጋል። እማዬ ከጓዳ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልትነጂው ነው?» ትለኛለች።

እማዬ ተለውጣለች። ጂፓችን ላይ በወጣች ቁጥር ታማትብ የነበረችው እማዬ ዘንድሮ ጋቢና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። የውድድሩ ደንብ በአንድ መኪና ሁለት ሰው ይላል፤ እሷ ደግሞ ያንተን ቦታ ለማንም አልሰጥም አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። መንገዱን ልታሳየኝ የሚገባት እኮ እሷ ነበረች!

የተወዳደርኩት በታናሽ ወንድምህ በጋሽ ታደሰ ምክንያት ነው። ቤተሰቡን ሰብስቦ ጂፓችን ትሸጥ አለ። «ወንድ የሌለበት ቤት መኪና ምን ያደርግለታል?» እኔ እነዳታለሁ ስል ሳቀ። «እንግዲያው የሐርላን ኮረብታ ሳትቆሚ ውጪና ያንቺ ትሁን» አለ፤ በሰው ሁሉ ፊት።

አልፈራሁም። ያን ኮረብታ ያወቅሁት ካንተ ጋር ነው። አንተ የባቡር ጥገና ሠራተኛ፣ አደም ባለሱቅ፣ ሌሎቹም እንደዚሁ፤ አንዳችሁም በሹፌርነት እንጀራ አልበላችሁም። የራሽን ቤንዚናችሁን ከአፋችሁ እንደነጠቃችሁት ጉርሻ እያጠራቀማችሁ እሁድ እሁድ ያንን ድንጋይ ልትቧጥጡ ትሄዱ ነበር። የቆመ ወደቀ፤ ድንጋይ የነካም ወደቀ። ድንጋዮቹ ጠዋት በእርጥብ ኖራ ይቀቡ ያልከው አንተ ነህ። ሰው ይጨቃጨቃል፣ ኖራ የነካ ጎማ ግን አይዋሽም ትል ነበር።

እኔን ስታስተምረኝም ከጋቢና የምትናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ቀጥ። መሪውን አታወላውዪ፣ ፍሬን አትንኪ፣ ሂጂ ማለትህ ነው። ስለዚህ ያን ቀን «ቀጥ!» ሲባል ያንተን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከእኛ በፊት የሞከሩት ሁሉ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተው ቆመዋል። እኛ ጫፍ ደረስን። እማዬ ዓይኗን ገለጠች፣ ሜዳውን ቁልቁል አየችና «ይሄን ነው እንዴ ደብቆኝ የኖረው!» አለች። በዚያች ደቂቃ አጠገባችን ነበርክ።

ስንወርድ ዳኛው ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀን። በለጠ ነው፤ ድሮ ጋሽ በለጠ የምንለው፣ አሁን ጓድ ካላሉት የሚቆጣው። ጎማሽ ድንጋዩን ነክቷል፣ ቀጥ ብዬሽ አልቆምሽም፣ ወድቀሻል አለኝ። ለእሱ ቀጥ ማለት ቁሚ ነው! ጎማውን እዩት አልኩ። አደም ብቻ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ አበሰና መዳፉን ዘርግቶ አሳየ። አቧራ ብቻ። «ወላሂ ኖራ የለም፣ ያ ጀማዓ!» ቢል «አቦ ተወን፣ ዳኛው አንተ ነህ?» አሉት። ጋሽ ታደሰም እየሳቀ «ገበሬ ፊደል ልታስቆጥር ዘምታ መጣች፤ ቀጥ ማለት ግን አልገባትም!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ካንተ ጋር አንድ ድንጋይ የገፉት ጓደኞችህም ሳቁ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ገብቶኛል አባዬ። የጠፋ ሞተር ቀጥ አለ ይባላል። የቀና መንገድም ቀጥ ያለ ይባላል። ሦስተኛ ትርጉምም አለው፤ ሰውን ቀጥ አድርጎ መግዛት። በለጠ የትኛውን እንደጮኸ እሱ ይወቀው። ጋሽ ታደሰ የያዘው ግን ሦስተኛውን ነው።

ቤት እንደገባን ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ግቢው ውስጥ ጂፓችንን እየዞርኩ እውላለሁ። ቅዳሜ የሚገዛት ሰው ይዞ ይመጣል ተብሏል። ይምጣ። መሪው ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል፤ እማዬም ቦታዋን ይዛለች፣ ትናንት ነግራኛለች። የወሰደው ቁልፍ ነው፤ ያለ ቁልፍ ማስነሳትን ደግሞ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

የኖራ ባልዲህ ደጃፉ ላይ አለ። እጄ መሪ እስከጨበጠ ድረስ፣ በየእሁዱ ጠዋት ኖራውን በጥብጬ ድንጋዮቹን በእርጥቡ እቀባለሁ፤ አንተን የማስብህ እንደዚያ ነው። ምስክር እያለ ሳይታይ የሚሰጥ ፍርድ ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። በሰው ፊት የተሰጠ ቃል በሳቅ ሲታጠፍ ዝም ብዬ አላይም። «ቀጥ!» ብሎ የሚጮህብኝም ካለ፣ አንተ ካስተማርከኝ ትርጉም በቀር ሌላ አልሰማም።

ልጅህ