የፀሎት ሜዳልያ

ውድ ኂሩት፣

ካርዱ ላይ የምታይው ድልድይ ጋ ገና አልደረስኩም። ዛሬ የዋልኩት ቶተንሃም፣ አንድ የሰፈር ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የጋሽ ኤርምያስ ልጅ፣ የፀሎት፣ ፎቶ የክብር ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አንድ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪ ሽማግሌም አብረዋት ተሸለሙ። የእሷ ጨዋታ ላክሮስ ይባላል፤ የገና ዱላችንን ጫፉ ላይ መረብ አስረሽበት አስቢው።

አባቷ ባለፈው ሳምንት እንደተቀበሩ ከእሷ በቀር እዚያ የነበርን ሐበሾች ሁሉ እናውቃለን። «ሽልማቷን ትቀበል፣ መርዶው ነገ ማለዳ ይሁን» ተባለ። እኛ ሰፈር ቢሆን ድንኳኑ ያሳብቅ ነበር፤ እዚህ ጥቁር ልብሳችንን መኪና ውስጥ ደብቀን አጨበጨብን።

ፀሎት እየሳቀች መጥታ ሜዳልያዋን እጄ ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ አገር ቤት ሲገቡ ለአባዬ አንገቱ ላይ ያጥልቁለት፤ ፕሊስ፣ ቪዲዮም ያድርጉልኝ!» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ካርዱ እጅሽ ሲገባ እሷም ሰምታ አልቅሳ ይሆናል። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ቦታ አለቀብኝ። ጋሽ ኤርምያስ መቃብር ላይ መስቀል ቆሞ እንደሆነ እይልኝ፤ ሜዳልያውን የማጠልቅበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ሕዝቅያስ