የዳማ ብቸኛ ልጅ

ለወንድሜ ለተስፉ፣ ቦረና ከብት እርባታ፤

የቆላው ፀሐይ ሳይጎዳህ ደብዳቤዬ በጤና ያግኝህ። እኛ የካ አባዶ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል።

የመረጥክልኝ ከሲታ ኮርማ ጥጆች ዓመት ሞላቸው። «የኮርማውን ሥጋ አትዪ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የሚናገረው ልጆቹ የሚያወጡትን ክብደት ነው። የአባታችን አጥንት ይውጋኝ፣ የዝነኛው ኮርማ የዳማ ብቸኛ ልጅ ነው» ብለኸኝ ነበር። ጥጆቹ ፍየል ያህላሉ።

ትናንት ጓደኛህ አብኔዘር አትላስ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቱ ጋበዘኝ። የሱ ጥጆች ከወዲሁ ወይፈን አክለዋል። «ኮርማውን ተስፉ ነው የመረጠልኝ፤ የዳማ ብቸኛ ልጅ ነው» አለኝ። ቁጥሩንም ነገረኝ፤ ያው ለኔ ያነበብክልኝ ነው። እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

እማዬ ከሲታውን ኮርማ በናፍቆት ተስፉ ብላ ነው የምትጠራው። እስካሁን አልከለከልኳትም።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ።
እህትህ ትብለጽ